ከኋላ የሚነበብ ሰሌዳ

ይህ ነገር የሆነ ነገር ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው፤ እኔ ግን ሰሌዳውን በዚህ እጄ ነው የሠራሁት።

ጨለማ፣ መቃብር፣ የተዘጋ ቤት ምናምን የምትጠብቁ ካላችሁ ይቅርታ። የሆነው በጠዋት ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ... ሱሉልታ... ፀሐይ ፍንትው ብላ።

ወንዲ እባላለሁ። ቡራዩ ውስጥ ትንሽ የብረታ ብረት ሥራ ቤት አለችኝ። በር፣ መስኮት፣ የሱቅ ታፔላ እሠራለሁ። ታሪኩ ግን የኔ አይደለም።

የዳኜ ነው።

ዳኜ የመረጃ ሰሌዳ ዲዛይነር ነው። መናፈሻ ወይም ሙዚየም ስትሄዱ "ይህ ዛፍ እንዲህ ይባላል፣ ይህ ወፍ እንዲህ ይኖራል" የሚል ሰሌዳ ቆሞ አይታችሁ የለ? ጽሑፉን የሚያሳጥረው፣ ሥዕሉን የሚያቀናብረው፣ ሕፃንም ሽማግሌም እንዲያየው ቁመቱን የሚለካው እሱ ነው። ላሜራውን ቆርጬ የምተክለው ደግሞ እኔ። ሰባት ዓመት አብረን ሠርተናል።

አንድ ልማድ ነበረው። ሰሌዳው ከተተከለ በኋላ ራቅ ብሎ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጥና ሰው ስንት ሰከንድ ቆሞ እንደሚያነብ በስልኩ ይለካል።

"ስምንት ሰከንድ" ይለኛል ሁልጊዜ። "ወንዲዬ፣ ሦስት ሳምንት ለፍቼ... ስምንት ሰከንድ። ከዚያ ዞረው ሰልፊ ይነሳሉ።"

እየሳቀ ነው የሚለው። ሳቁ ግን አንጀቴን ይበላው ነበር፤ ምክንያቱም ዳኜ ከሰሌዳዎቹ በቀር ከሰው ጋር የሚያወራበት ነገር አልነበረውም።

ሚስት የለው፣ ወንድም የለው። ፉሪ፣ ከእናቱ ጋር ይኖርበት በነበረው ቤት ብቻውን ነው። እናቱ እማማ ውብአየሁ ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል።

እማማ ውብአየሁ ስድሳን ካለፉ በኋላ ነው ዓይናቸው የጠፋው። እሳቸው ግን እጅ የሚሰጡ ሴት አልነበሩም። ሰበታ እየተመላለሱ ብሬል ተማሩ፤ ያንን ዓይነ ስውራን በጣታቸው እየዳሰሱ የሚያነቡትን ነጠብጣብ ጽሑፍ። ማታ ማታ ደግሞ ዳኜ ከሥራ ሲገባ ፊቱን በጣታቸው ይዳስሱት ነበር። ከግንባሩ ጀምረው እስከ አገጩ... ቀስ እያሉ።

"ዛሬ ተናደሃል" ይሉታል። "ዛሬ ምሳ አልበላህም።"

ሲሞቱ አጠገባቸው አልነበረም። አርባ ምንጭ ሰሌዳ ሊተክል ሄዶ ነበር። ጎረቤት ነው ያገኛቸው።

ትራሳቸው ሥር አንድ ወረቀት ነበር። አሥራ አንድ መስመር ብሬል።

ዳኜ ወረቀቱን ለማንም አላስነበበም። ሦስት ዓመት ሙሉ።

"ለምን?" አልኩት አንድ ቀን።

"ወቀሳ ቢሆንስ?" አለኝ። "ብቻዬን ጥለኸኝ ሄድክ የሚል ቢሆንስ ወንዲ? ሳይነበብ ቢቀር ይሻላል።"

ከዚያ በኋላ አላነሳሁበትም።

አምና ጥር ላይ አንድ ሰው ሱሉልታ ላይ የግል መናፈሻ ከፈተ። ደን አለው፣ የእግር መንገድ አለው፣ ገደል አፋፍ ላይ ደግሞ መመልከቻ አለው። ስድስት ሰሌዳ አዘዘን። አንዱ ታዲያ ብሬል ይኑረው አለ። ምርቃቱ ቅዳሜ ነው... ሐሙስ ደርሶ የብሬሉ ጽሑፍ ገና አልተዘጋጀም።

በዚህ ሥራ ጽሑፍ ሳይደርስ ሲቀር ቦታው ባዶ አይተውም። ለጊዜው ሌላ ጽሑፍ ይገባበታል፤ ትክክለኛው ሲመጣ ይቀየራል። ቦታ መያዣ ነው። ዲዛይነር ሁሉ ያደርገዋል።

ሐሙስ ከሰዓት ዳኜ ሥራ ቤቴ መጣና የእናቱን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

"ይኼን ምታልኝ።"

"የእማማን?"

"ለጊዜው ነው።"

"ዳኜ..."

"ማን ያነበዋል ወንዲ? ዓይን ያለው እንኳ ስምንት ሰከንድ ነው።"

ወረቀቱን ተቀበልኩት። መቀበል አልነበረብኝም።

ወረቀቱ በአንድ ፊቱ ነጠብጣቡ ያበጠ፣ በሌላው ፊቱ የጎደጎደ ነው። የጎደጎደውን ወደ ላይ አድርጌ ስስ ላሜራ ላይ ለጠፍኩት። ከዚያ ቡሊኖ በሚባለው ሹል የብረት መውጊያና በመዶሻ ጉድጓድ ጉድጓዱን እየተከተልኩ መታሁ። ነጥብ በነጥብ... ክንዴ እስኪዝል። ሳነሳው ላሜራው እኔ በመታሁበት በኩል ጎድጉዷል፣ በጀርባው አብጧል። እኔ ብሬል አላውቅም። እሱም አያውቅም። የመታሁበትን ፊት ወደ ጎብኚው አዙረን ተከልነው።

ይህን ልብ በሉልኝ።

የተተከለው መመልከቻው ላይ ነው፤ ከብረት አጥሩ በውጪ በኩል ታስሮ። ፊቱ ወደ ሰው... ጀርባው ወደ ገደሉ። ከጀርባው መቆሚያ የሚባል ነገር የለም። ሠላሳ ሜትር የሚወርድ ባዶ አየር ነው።

ከነጠብጣቡ በላይ በትልቁ የታተመው ጽሑፍ የዳኜ ነው። "በዚህ ገደል ውስጥ ብዙ ዓይነት ወፎች ይኖራሉ። ለአንድ ደቂቃ ዝም ብለው ያዳምጡ።"

ምርቃቱ በሰላም አለፈ። ዳኜ ከሰኞ ጀምሮ በየጠዋቱ እየሄደ ሰሌዳዎቹን ያይ ነበር፤ ብሎን እንዳይላላ፣ ስቲከር እንዳይነሳ። ለዚያኛው ሰሌዳ ግን ጀርባውን ማየት የሚችለው ስልኩን ከአጥሩ አሻግሮ ፎቶ በማንሳት ብቻ ነው።

የሱሉልታን አቧራ ታውቁታላችሁ። ከድንጋይ ካባው የሚነሳው ነጭ ዱቄት በበጋ ያላለበሰው ነገር የለም። ሰኞ ያነሳው ፎቶ ላይ የሰሌዳው ጀርባ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነበር።

ማክሰኞ... የመጀመሪያው መስመር ጠርቷል።

አንድ መስመር ብቻ። የጣት ስፋት። ሌላው እንዳለ ነጭ ነው።

ረቡዕ ሁለት መስመር።

ሐሙስ ሦስት።

ያን ቀን ደወለልኝ። ድምፁ ውስጥ ከስንት ጊዜ በኋላ የሰማሁት ደስታ ነበር።

"ወንዲ... የሚያነብ ሰው አገኘሁ።"

"ማን?"

"አላውቅም። ግን እያነበበ ነው። በቀን አንድ መስመር። አቧራው በየመስመሩ መጨረሻ ላይ ተከምሯል፤ ከግራ ወደ ቀኝ የሄደ ጣት ነው።"

"የት ቆሞ ነው የሚያነበው?"

መልሼ ጠየቅኩት።

"ዳኜ? የት ቆሞ?"

ስልኩን ዘጋው።

በማግስቱ የመናፈሻውን ጥበቃ ኦቦ ዲኖን ጠየቃቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ አገሩን ከነጉድባው ያውቁታል።

"አካም ቡልቴ ኢልማ ኮ" አሉት እንደ ወትሮው።

"ደህና አደሩ ኦቦ ዲኖ። የዚያን ሰሌዳ ጀርባ እርስዎ ነዎት የሚጠርጉት?"

"አኒ ሂን ቱቅኔ! እኔ አልነካሁም። እዚያ ማን ይደርሳል? ዝንጀሮ እንኳ አይቆምበትም።"

ከዚያ ዙሪያቸውን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ግን ልጄ... ሦስት ሰዓት ሲሆን ወፎቹ ዝም ይላሉ። ሁሉም ባንድ ላይ። ውሻዬም እግሬ ሥር ይገባል። ለአንድ ደቂቃ ያህል ነው። ከዚያ ይንጫጫሉ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"እናንተ ያንን ከተከላችሁ ወዲህ።"

ቅዳሜ ዳኜ ራሱ ሊጠብቅ ወሰነ። ከሁለት ሰዓት ጀምሮ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ። ቦታው ጭር ብሏል። ነጠላ ለብሳ ፎቶ የምትነሳ ሙሽራ እንኳ በዚያ ቀን አልነበረችም። እሱና ወፎቹ ብቻ።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ወፎቹ ጸጥ አሉ።

ለምን እንደሆነ አያውቀውም፣ ስልኩን አውጥቶ መቁጠር ጀመረ። የልማድ ነገር ነው።

ሰሌዳው ፊት ማንም የለም።

ግን ከሰሌዳው በኩል... ፍቅ... ፍቅ... ፍቅ... ጥፍር ብረት ላይ ሲሄድ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ። ቀስ ያለ። ታጋሽ። አንዳንዴ ቆም ይላል፣ ትንሽ ይመለሳል፣ እንደገና ይቀጥላል... ያልገባውን ደግሞ እንደሚያነብ ሰው።

ወፎቹ ሲንጫጩ ቁጥሩን አቆመው።

አንድ ደቂቃ ከአሥራ አራት ሰከንድ።

"በሕይወቴ እንደዚህ ያነበበኝ ሰው የለም" አለኝ ማታ በስልክ። እየተጣደፈ ነበር የሚያወራው፤ ግን የፍርሃት አልመሰለኝም።

"አንተን አይደለም እያነበበ ያለው!" ብዬ ጮህኩበት። "የእማማን ወረቀት ነው። ምን እንደሚል እንኳ አታውቅም!"

እሺ አላለኝም። እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ አለፈ። መስመሩ በየቀኑ ይጨምራል። ሐሙስ ዕለት አሥረኛው መስመር ጠራ። የቀረው አንድ ብቻ ነበር።

ያኔ ነው የፈራው።

እናቱን ብሬል ያስተማሯቸው መምህርት ተስፋነሽ ሰበታ ነው የሚኖሩት። ዓርብ ትምህርት ከመግባታቸው በፊት እንድንመጣ ነገሩን። አንድ ሰዓት ላይ በፒክአፔ ደረስን። እኔ መጀመሪያ የሞከርኩበትን ቁራጭ ላሜራ ይዣለሁ፤ እሱ ወረቀቱን።

መምህርቷ አስቀድመው ላሜራውን ተቀበሉኝና እኔ የመታሁበትን ፊት ዳሰሱት።

"ይኼ ጉድጓድ ነው ልጄ። አይነበብም።"

ገለበጡት። ጣታቸው ያበጠው ላይ ሲያርፍ ፊታቸው ተለወጠ።

"አሃ... በዚህ በኩል ነው። ብሬል ሲጻፍ ከጀርባ ነው የሚወጋው፣ የሚነበበው በወዲያኛው ፊት ነው። እናንተ በየት በኩል አዙራችሁ ነው የተከላችሁት?"

"የሚነበበውን ወደ ገደሉ" አልኳቸው።

ከዚያ ወረቀቱን ተቀበሉ። ዳኜ አንገቱን ደፍቶ ወቀሳውን ሊሰማ ተዘጋጀ። መምህርቷ ጣታቸውን እያንሸራተቱ ቀስ ብለው አነበቡ።

"ዳኜ ይህን ማንበብ አይችልም። ስለዚህ የምጽፈው ለአንተ ነው፤ ለምታነበው። ማንም ሁን ማን። ከእኔ በኋላ ልጄ ብቻውን ነው የሚቀረው። ሰው ቶሎ አይለምድም፤ ክፋት ግን የለበትም። ሂድና አጠገቡ ቁጭ በል። ፊቱን በጣትህ ዳስሰው፤ እኔ ስዳስሰው ደስ ይለዋል። ብቻውን አትተወው።"

ዳኜ ተንሰቀሰቀ። እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰው። ሦስት ዓመት የፈራው ወቀሳ አልነበረም።

መምህርቷ ግን ጣታቸውን ከወረቀቱ ላይ አላነሱም።

"ለእኔ ይሆናል የጻፉት" አሉ በሹክሹክታ። "ግን ስሜን አልጠሩም... ማንም ሁን ማን ነው ያሉት።"

"አሥረኛው መስመር የት ላይ ያልቃል?" አልኳቸው።

ዳሰሱ። "'ብቻውን አትተወው' ላይ።"

"አሥራ አንደኛውስ?"

"'ቤታችን ፉሪ ነው፣ ከውኃ ታንከሩ በታች፣ ሰማያዊው በር።'"

እንዴት እንደነዳሁ አላስታውስም። ከሰበታ ሱሉልታ በዚያ ሰዓት መንገዱ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ሲኖትራኩ፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁ... ዳኜ አጠገቤ ወረቀቱን ደረቱ ላይ ይዞ ተቀምጧል። እኔ ሰዓቴን አያለሁ። መስመሩ ሳይነበብ ሰሌዳውን መንቀል ነበረብን፤ ሌላ ሐሳብ በጭንቅላቴ አልነበረም።

ስንደርስ ሦስት ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ቀርቶታል። ኦቦ ዲኖ በሩን ከፈቱልን፣ እሳቸው ግን አልተከተሉንም። እየሮጥን መመልከቻው ላይ ወጣን። ስልኬን ከአጥሩ አሻግሬ ፎቶ አነሳሁ።

አሥሩ መስመር ጠርቷል። የመጨረሻው ነጭ ነው።

"ደረስን!" አልኩት። ቁልፍ አውጥቼ የመጀመሪያውን ብሎን ፈታሁ። ሁለተኛውን ፈታሁ። ሁለት ቀረኝ...

ወፎቹ ጸጥ አሉ።

ፍቅ...

ከእጄ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ነው የሰማሁት። ከላሜራው ወዲያ። በቁልፌ ውስጥ ንዝረቱ ይሰማኛል።

"ዳኜ፣ ያን ወገን ፍታ! ፍጠን!"

ቁልፉን ያዘ። ግን አላዞረም።

"ዳኜ!"

እጄን ያዘኝ። እጁ ሞቃት ነበር። ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ ነው፣ ፊቱ ግን ረጋ ብሏል። ጆሮዬ ሥር ተጠግቶ ሹክ አለኝ።

"ይጨርስ።"

"ምን?"

"ይጨርስ ወንዲ... ትንሽ ነው የቀረው።"

ፍቅ... ፍቅ... ፍቅ...

ላላቅቀው ታገልኩ፤ አልለቀቀኝም። ከዚያ ድምፁ ቆመ። ወፎቹ ባንድ ጊዜ ተንጫጩ። ሰሌዳውን ነቅለን ስንገለብጠው አሥራ አንደኛው መስመር እንደ መስታወት ያበራ ነበር።

ያን ቀን ከቡራዩ ታክሲ አሳፈርኩት። እኔ ጋ እደር አላልኩትም። ቤቴ እንግዳ ነበረብኝ፣ ሚስቴም ደክሟታል፣ ምናምን... ሰበብ መቼም አይጠፋም። እውነቱን ልንገራችሁ? ሰባት ዓመት አብረን ስንሠራ አንድ ቀን ቤቴ ጠርቼው አላውቅም። እስካሁን የሚቆጨኝ ይኼ ነው።

ቅዳሜ ስልኩ ተዘግቷል። እሑድም ጠዋት ዝግ ነው። ፉሪ ሄድኩ።

ሰማያዊው በር ነጭ ሆኗል።

ፉሪ ላይ፣ በዚያ ሰፈር፣ የድንጋይ ካባ የለም። የጎረቤቶቹ በር ንጹሕ ነው። የዳኜ በር ብቻ ያንን የሱሉልታ ዱቄት ለብሷል። መሐሉ ላይ ደግሞ የጣት ስፋት ያለው መስመር ከግራ ተነስቶ እስከ እጀታው ድረስ ጠርቷል።

ገፋ ሳደርገው ተከፈተ።

ዳኜ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል። ልብሱን ቀይሯል፣ ጸጉሩን አበጥሯል። ፊት ለፊቱ አንድ ወንበር በደንብ ተስቦ ተቀምጧል።

"መጣህ ወንዲዬ! ግባ፣ ቁጭ በል።"

ወደ ወንበሩ ተራመድኩ።

"እዚያኛው ላይ አይደለም" አለኝ በትሕትና።

ያኔ ነው ፊቱን በደንብ ያየሁት። ሙሉ ፊቱ ነጭ አቧራ ነው። ግንባሩ ላይ ብቻ ከዳር እስከ ዳር የጠራ አንድ መስመር አለ።

"ዳኜ... ፊትህን ለምን አትታጠብም?"

"ገና አላለቀም" አለኝ።

"ና እንሂድ። እኔ ቤት እንሂድ።"

ፈገግ አለ። ሰባት ዓመት ሙሉ ሲጠብቀው የነበረውን ነገር ዘግይቼ እንዳመጣሁለት ዓይነት ፈገግታ ነበር፤ አልተቀየመኝም።

"አሁን ብቻዬን አይደለሁም እኮ" አለ።

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሦስት ሆነ። ውጪ ዛፉ ላይ የሚንጫጩት ወፎች ጸጥ አሉ።

ዳኜ ስልኩን አንስቶ መቁጠሪያውን ነካና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ፊቱን እናቱ እንደምታጥበው ልጅ አገጩን ቀና አደረገ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ከቅንድቡ በላይ ያለው አቧራ... ከጥግ ጀምሮ... ቀስ እያለ መጥራት ጀመረ።

አንድ... ሁለት... ሦስት...

ዞሬ ሮጥኩ። ስምንት ሰከንድ እንኳ አልቆምኩለትም።